ከበሩ ጀርባ ያለችው መርከብ

ሰዓሊው የመጣው መንገዱ ገና ጭቃ በነበረበት በሚያዝያ ወር ነው። ጀሩሻ በወጥ ቤቷ መስኮት በኩል ጋሪው ከኮረብታው ስር ወዲያና ወዲህ ሲንገዳገድ አየችውና፣ «ይሄ ሰውዬ እዚህ ሳይደርስ ይገለበጣል» አለች። አልተገለበጠም። ደጃፏ ላይ ሲወርድ ግን ሳል ያዘው። በአንድ እጁ የጋሪውን ጎማ ተደግፎ ረጅም ሳል ሳለ። ጀሩሻም ወዲያውኑ ሰውየው እቤቷ ውስጥ ሲሞት፣ ዘመዶቹ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሲጠፋ፣ ባሏ ኦቤድ ለሬሳ ሳጥን የሚሆን ጣውላ ከጎተራ ሲያወርድ ታያት።

«ደህና ዋሉ እሜቴ» አለ ሰውየው ሳሉ ሲለቀው። «ፍሊንት እባላለሁ። የግድግዳው ሰው ነኝ።»

«ይግቡ። ጫማዎን ይጥረጉ። ያ ሳል ቆየብዎት?»

«ከኔ ጋር ነው ያረጀው» አለ ፍሊንት።

ሥራው በኒው ሃምፕሻየር ኮረብታዎች ከቤት ቤት እየዞረ የእንግዳ ክፍል ግድግዳ ላይ አገር መሳል ነበር። በዚያ ወረዳ ትንሽ የደላው ገበሬ ሁሉ ክፍሉን በሥዕል ማስጌጥ ጀምሯል። የጀሩሻ ልጅ ኤሌክታ በሰኔ ልታገባ ነው፤ ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው በዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የሙሽራው እናት ቤት ደግሞ አምና ተስሏል። ኦቤድ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ፣ «ሰዓሊውን አነጋግሬዋለሁ» አለ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

እራት ላይ ባቄላና በጨው የተቀመጠ የአሳማ ሥጋ ቀረበ። ፍሊንት እየበላ ሥራውን አስረዳቸው።

«ከላይ ሰማይ አለ። ከሰማይ ስር ሩቅ ተራሮች። ከተራሮቹ ስር ባሕሩ፣ ደሴቶች፣ መርከቦች። ከዚያ ወዲህ ነጫጭ ቤቶችና አጥር፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ትልልቅ ዛፎች። እንዲህ እያለ አራቱን ግድግዳ ዞሮ ይገናኛል።»

«ባሕሩ የየት ነው?» አለች ኤሌክታ።

«ሰው ከጠየቀኝ የፖርትላንድ ነው እላለሁ።»

«ካልጠየቀዎትስ?»

«ካልጠየቀኝ ውሃ ነው።»

ኤሌክታ ሳቀች። ጀሩሻ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ውሃ አይግባበት» አለች።

«ምን አሉኝ እሜቴ?»

«ሰማዩ ይሁን። ዛፉም ይሁን። ውሃ አልፈልግም።»

«ውሃ የሌለው ክፍል እንዴት ይሆናል? የግድግዳው ግማሽ እኮ ውሃ ነው።»

«ቤቱን ያረጥበዋል።»

«እማዬ፣ ቀለም እኮ ነው» አለች ኤሌክታ።

«ቀለም መሆኑን አውቃለሁ» አለች ጀሩሻ። ተነስታም ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች፤ ኦቤድ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። ሳህኑ ከፊቱ ሲነሳ ቀና ብሎ አያት።

ሦስቱም የሚያውቁትን ያላወቀ ፍሊንት ብቻ ነበር። የቤቱ ወንድ ልጅ ሲላስ ዓሣ ነባሪ በሚያድን መርከብ ተቀጥሮ ከኒው ቤድፎርድ ከተነሳ አራተኛ ዓመቱን ሊደፍን ነው። ሲሄድ ሦስት ዓመት ተብሎ ነበር። መጀመሪያ ላይ መርከቧን በሩቅ ባሕር አየናት የሚሉ ሰዎች ወሬ ይደርሳቸው ነበር፤ በኋላ ያም ቆመ። ጀሩሻ ባሕር አይታ አታውቅም። ከተወለደችበት ኮረብታ ማዶ ካለው ኮረብታ አልፋ አልሄደችም። ሆኖም ልጇ በየትኛው ማዕበል፣ በየትኛው ሌሊት፣ የትኛው እጁ መጨረሻ ላይ ከውሃው በላይ እንደታየ ታውቃለች፤ በየቀኑ ታየዋለችና። ፈረስ ደጅ ላይ ሲቆም መርዶ መጣ ብላ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። ጥቁር ቀሚሷን በየወቅቱ እያወጣች ታናፍሳለች፤ ብል እንዳይበላው ነው ትላለች። ካለፈው መከር ወዲህ ደግሞ የልጁን ስም መጥራት ትታለች፤ ቤተሰቡም አብሯት ተወ።

ፍሊንት ሥራውን ከሰማዩ ጀመረ። ከቆዳ ቁርጥራጭ የሚወጣውንና ከቀለሙ ጋር የሚደባለቀውን ሙጫ በጀሩሻ ምድጃ ላይ ቀቀለው፤ ቤቱን የሰኮና ሽታ ሞላው። ጀሩሻ ማሰሮው ገንፍሎ ቤቱ ሲቃጠል እየታያት በየደቂቃው ብቅ ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ አልቆ ከስሩ ያለው ግድግዳ ነጩን ቀርቶ ሳለ፣ እጇን አጣምራ መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«ጌታው፣ ይኼን ይሳሉልኝ» አለች።

«የቱን?»

«ይኼን ነዋ። ኮረብታውን። የድንጋዩን አጥር። ስኳር የምንቀዳባቸውን ዛፎች። አገር ነው የምስለው አላሉም? ይኸው አገር።»

ፍሊንት ብሩሹን እንደያዘ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ አየ። ዓይኖቹ ስር ያለው ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ የጣቶቹ አንጓዎች አብጠዋል።

«ግራጫ ነው» አለ።

«ሚያዝያ ስለሆነ ነው።»

«እውነቱን ልንገርዎትና፣ ሃያ ዓመት ስስል በመስኮት አሻግሬ አይቼ አላውቅም። ያየሁ እንደሆነ ሥራው ይጓተታል።»

ቢሆንም ሞከረ። በአንደኛው ማዕዘን በከሰል ነደፈው፣ ቀለም ቀባው፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። ኤሌክታ ከወጥ ቤት መጥታ ከእናቷ ኋላ ቆመች።

«ዳቦ ይመስላል» አለች።

«ዳቦ ነው» አለ ፍሊንት ሳይከፋው። «እሜቴ፣ እጄ የሚያውቀውን ያውቃል። ያቺን ባሕር ዓይኔን ጨፍኜ እሠራታለሁ። አዲስ ነገር ልማር ብል ግን ደክሞኛል።»

«የኔም እጅ ደክሟል» አለች ጀሩሻ። «ግን ዳቦ ሳስብ ነው ዳቦ የሚወጣው።»

ፍሊንት ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ጀሩሻ ውሃ አምጥታ ሰጠችውና ጠጥቶ እስኪጨርስ ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ እንዳይሰበር ስትጠብቅ ቆየች።

በማግስቱ ከታችኛው መንደር ሰው ተላከባት። የወንድሟ ሚስት በወባ መሰል ትኩሳት ተይዛለች። ጀሩሻ «አለቀላት በቃ» ብላ ሄደች፤ ሴትየዋ ግን ማታውን ላብ አልቧት ጠዋት ገንፎ በላች። በመሆኑም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአልጋ አጠገብ ባሳለፈችው ሌሊት ወገቧ እየተሰነጠቀ፣ ቤቷ ተመለሰች። ኮፍያዋን ሳታወልቅ ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባች።

ውሃው ገብቷል። ፍሊንት እንደ ልማዱ የውሃውን ጫፍ በሰው ደረት ከፍታ ላይ አስምሮ ከዚያ ወደ ታች ሰማያዊውን ለቆታል። ዳቦው ጠፍቷል። በሦስቱ ግድግዳዎች ዙሪያ፣ መሐል ላይ ለቆመ ሰው፣ ባሕሩ ልክ ደረቱ ድረስ ነበር።

ፍሊንት ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «እሜቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ።

በወጥ ቤቱ በኩል ወጥታ ማሳውን አቋርጣ ኦቤድ ወዳለበት ሄደች። ክረምቱ በየዓመቱ የድንጋይ አጥሩን ያፈርሰዋል፤ ኦቤድም በየጸደዩ ይክበዋል። አንድ ትልቅ ድንጋይ በደረቱ አቅፎ ሲያስቀምጥ ደረሰችበት።

«አንተ ነህ ያዘዝከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ሳልኖር ጠብቀህ።»

«ብትኖሪማ መች ይሆናል።»

ልትቆጣ ነበር የመጣችው፤ ቁጣው ግን መንገድ ላይ አልቆባት ነበር። አጥሩ ላይ ተቀመጠች። ኦቤድ ድንጋዩን አስተካከለ፣ ነቀነቀው፣ እንደገና አስተካከለው።

«ባሕር አይቼ አላውቅም» አለ ቆይቶ። «አንቺም አላየሽም።»

«አላየሁም።»

«ግን ሁልጊዜ ታይዋለሽ። ስትጋግሪም፣ ስታልቢም። ፊትሽ ላይ አየዋለሁ። ልጁን ከውሃው ስር ነው የምታይው።»

ጀሩሻ አልካደችም።

«እኔ ደግሞ ከላዩ ልየው ብዬ ነው» አለ ኦቤድ። «አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ፣ ከላዩ ልየው። ሌላ ምንም የለውም።»

«ከላዩ ባይሆንስ?»

«እሱን አላውቅም።»

«አየህ፣ አንተ ቀላል ነው የምታደርገው።»

«ቀላል ሆኖልኝ አይደለም ጀሩሻ። ደክሞኝ ነው። መርዶው ሳይመጣ ለቅሶ ከተቀመጥን ቆየን። ልጅቷ ልታገባ ነው፤ እቤታችን ውስጥ ጮክ ብላ ስቃ አታውቅም። እንኳን እሷ፣ እኔም ደጅ ላይ ፈረስ ሲቆም መደንገጥ ጀምሬያለሁ።»

ሌላ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ አለ። ጀሩሻ የባሏ ወገብ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ፣ ቀስ ብሎ ሲቃና አየች። አንድ ቀን በዚህ ድንጋይ ስር ይቀራል ብላ አሰበች። ከዚያም ተነስታ የድንጋዩን ሌላኛውን ጫፍ ያዘችለት። አብረው አስቀመጡት።

ወደ ቤት ስትመለስ ፍሊንት ብሩሾቹን እያጠበ ነበር። ተቆጥታ የምታባርረው መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ሳጥኑን ከፍቶ ዕቃውን ወደ አንድ በኩል ሰብስቧል።

«አንዲት መርከብ» አለችው። «አንዲት ብቻ። እሷም እዚያ ትሁን።»

የጠቆመችው በሩ ሲከፈት የሚደገፍበትን ግድግዳ ነበር።

«ከበሩ ጀርባ?» አለ ፍሊንት። «እሜቴ፣ ሰው መርከቧን ከምድጃው በላይ ነው የሚያደርጋት። የሚታየው ነገር እኮ እሷ ናት።»

«በሩ ቀን ቀን ክፍት ነው። ሲከፈት ይጋርዳታል።»

«ታዲያ ማን ያያታል?»

«ማየት የፈለገ በሩን ይዘጋል።»

ፍሊንት ትከሻውን ነቀነቀ። ከሳጥኑ ውስጥ የመርከብ ቅርጽ የተቆረጠበት፣ በዘይት የጠጠረ ወፍራም ወረቀት አወጣ። ግድግዳው ላይ ሊያስደግፈው ሲል ጀሩሻ ክንዱን ያዘችው።

«መርከቧ ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ቀኝ።»

«ቀኝ ምንድን ነው ያለው?»

ፍሊንት ዞሮ የራሱን ሥራ አየ። «ቀኝ... ውጭ ነው። ቤቶቹ በግራ ናቸው። ወደ ባሕሩ እየወጣች ነው መሰለኝ። አስቤበት አላውቅም።»

«ያዙሯት።»

ወረቀቱን ገልብጦ በቀለም መታ መታ አደረገበት። ሲያነሳው መርከቧ ሸራዎቿን ወጥራ ወደ ቤቶቹ ፊቷን አዙራ ነበር። ቀጥሎ በቀጭን ብሩሽ ገመዶቹን አሰመረ፤ በመጨረሻም እንደ ወትሮው ከምሰሶዋ ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ባንዲራ ወደ ኋላ አውለበለበላት።

በዚያው ሰዓት ጎረቤታቸው ሳዶቅ እያነከሰ ገባ። ሳዶቅ በወጣትነቱ ለጥቂት ዓመታት ባሕር ላይ ሠርቷል፤ አንድ እግሩን የተጎዳው እዚያ ነው ይባላል። በዚያ ኮረብታ ላይ መቀለጃ እንዳይሆን ሰው ሁሉ የሚፈራው ምላስ ነበረው።

«ግድግዳችሁ ጎርፍ ገባበት ሲሉ ሰምቼ ነው» አለ። «እትዬ ጀሩሻ፣ ዋና ተማርሽ?»

«ግባና ዝም ብለህ እይ ጋሽ ሳዶቅ።»

ዙሪያውን እየተንጠራራ አየ። ዛፎቹን አሞገሰ። ደሴቶቹን ከትንንሽ ክብ ዳቦዎች ጋር አመሳሰላቸው። ኤሌክታ እየሳቀች በሩን ዘጋችለትና መርከቧን አሳየችው። ሳዶቅ ፊቱን አስጠግቶ አያት። ከዚያም ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን አገኘህ ደግሞ?» አለ ፍሊንት።

«ባንዲራዋን።»

«ምን ሆነች?»

«ወደ ኋላ ነው የምትውለበለበው።»

«ታዲያ ወዴት ልትውለበለብ? ሰው ፈረስ ሲጋልብ ሻርፑ ወደ ኋላ አይደለም?»

«መርከብ ፈረስ አይደለችማ። ፈረስ ሲሮጥ ንፋሱን የሚያመጣው ራሱ ነው። መርከብን የሚያስሮጣት ንፋሱ ነው። ከኋላዋ እየገፋት ባንዲራዋ እንዴት ወደ ኋላ ይሄዳል? ሸራው ወደ ፊት ያለውን ባንዲራው ወደ ኋላ ይላል። አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ንፋስ ይቺ መርከብ የኋሊት እየሄደች ቻይና ነው የምትገባው።»

ኤሌክታ አፏን በእጇ ያዘች። ፍሊንት ግን ጆሮው ቀላ።

«ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ ባለው ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሳልኩት» አለ። «ስንት ዓመት። ያመመው ሰው የለም።»

«ባሕር ያየም የለማ።»

«ይቆይ እንግዲህ። ከበሩ ጀርባ ያለች መርከብ ናት። ማን ያያታል።»

«ያስተካክሏት» አለች ጀሩሻ።

«እሜቴ፣ ቀለሙ ይዟል። ብነካው ሰማዩን ያበላሸዋል። በሌሎቹ ቤቶች ማንም ምንም አልሆነ ስልዎት።»

«በነዚያ ላይ ሲላስ አልነበረም።»

ኤሌክታ እጇን ከአፏ አወረደች። ከእናቷ አንደበት ያንን ስም ከሰማች ክረምቱ ሙሉ አልፏል። ፍሊንት ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ አየ፤ ማንም ምንም አላስረዳውም፤ እሱም አልጠየቀም። ጨርቁን ውሃ ነከረ፣ ጨመቀ፣ ባንዲራዋን ቀስ እያለ ይጠርጋት ጀመር። ቀዩ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሰማዩ ላይ እንደ ቁስል ጠባሳ የፈዘዘ ሮዝ ነገር ቀረ። ሲደርቅ ሳዶቅ በጣቱ አቅጣጫውን አሳየው፤ ፍሊንትም ባንዲራዋን ወደ ፊት፣ ወደ ቤቶቹ አውለበለባት።

«አሁን ትመጣለች» አለ ሳዶቅ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረበትም። «በዚህ ንፋስ ትገባለች እትዬ።»

«አትማልልኝ ጋሽ ሳዶቅ።»

«አልማልኩም። ስለ ሥዕሏ ነው ያወራሁት።»

ፍሊንት ዛፎቹን ጨርሶ ሲሄድ መንገዱ ደርቆ ነበር። ጀሩሻ ለሳሉ ከዛፍ ፈሳሽ የተቀቀለ ስኳር በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው፤ የታችኛውን ድልድይ በጋሪ እንዳይሻገር፣ ወርዶ ፈረሱን እየሳበ እንዲያልፍ አስጠነቀቀችው። «በመጣሁበት ነው የምመለሰው እኮ» አለ። «ሲመጡ አልተሰበረም ማለት ሲሄዱ አይሰበርም ማለት አይደለም» አለችው፤ እስከ አጥሩ መዞሪያ ድረስም በዓይኗ ተከተለችው።

የእንግዳ ክፍሉ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ሰነበተ። ጀሩሻ ወለሉን ለመጥረግ ትገባለች፣ ወንበሮቹን ታስተካክላለች፣ በሩን ሳትነካ ትወጣለች። አንዳንድ ጊዜ ማታ ማታ ኦቤድ እዚያ ገብቶ በሩ ሲዘጋ ትሰማለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይከፈታል፤ እሱም ወደ መኝታው ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ፣ ኤሌክታ ልብሷን ልትለካ ወደ መንደር ስትወርድ፣ ጀሩሻ ገባች፤ በሩን ዘጋችውና ከመርከቧ ፊት ለፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። እግሯን ይጠዘጥዛታል። ለመነሳት ብትፈልግም ቶሎ የምትነሳ አልነበረችም።

መርከቧ ትንሽ ናት፤ እጇን ብትዘረጋባት ትሸፍናታለች። ጀሩሻ መጀመሪያ ያየችው እንደ ልማዷ ከመርከቧ ስር ነበር። እዚያ ግን ምንም አልነበረም። ሰማያዊው አንድ እጅ ቀለም ነው፤ ብሩሹ በሳሳበት ቦታ ሁሉ የገዛ ቤቷ ግድግዳ ይታያል። ሰው የሚሰምጥበት ጥልቀት አልነበረውም። ዓይኗ ማረፊያ ሲያጣ ወደ ላይ ወጣ። ፍሊንት መርከቧ ላይ ሰው አልሳለም። ውስጥ ይሆናሉ፣ ብላ አሰበች። ንፋሱ እንዲህ ከሆነ መቼም ደጅ አይቆሙም። ይበርዳል። ሁልጊዜ እርጥብ ነው ይላሉ።

በወጥ ቤቱ በኩል ያለው በር ተከፈተና ኦቤድ ገባ። የተዘጋውን በር፣ ከዚያ ሚስቱን አየ። ሊመለስ ዳዳው፤ ቆመ።

«ምን እያሰብሽ ነው?» አለ፤ መልሱን እንደፈራ ያስታውቅበታል።

«ካልሲውን» አለች።

«ምኑን?»

«የሠራሁለት ካልሲ እስካሁን አልቋል። ወፍራሞቹም ቢሆኑ ይኼን ሁሉ ጊዜ አይቆዩም። ማን ይጠግንለታል እዚያ?»

ኦቤድ ሌላ ወንበር አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ራሱ ይጠግን ይሆናል።»

«እሱ መርፌ መያዝ መች ያውቃል።»

«መርከብ ላይ ሸራ ያሰፏቸዋል አሉ። ሳዶቅ ነው የነገረኝ። ሁሉም ይማራል።»

ጀሩሻ ይኼን አሰበችበት። ቅንድቧን ቋጥራ፣ የመርከቧን ሸራዎች አንድ በአንድ እያየች፣ አዲስ የመጣባትን ጭንቀት አገላብጣ መረመረችው።

«ሸራ እንደሚሰፋ አድርጎ ከሰፋው» አለች በመጨረሻ፣ «ስፌቱ ተረከዙን ይልጠዋል።»